ተኝተን ማን ያስተነፍሰናል? ከጉና ተራራ ሥር የሚነሣ ጥያቄ

ከመተማ ቆላ ወይም ከባሕር ጠረፍ አገር የመጣ እንግዳ ንፋስ መውጫ ላይ የመጀመሪያውን ሌሊት ሲያድር፣ አጠገቡ የተኛ ሰው ጆሮውን ቢጥል አንድ እንግዳ ነገር ሊሰማ ይችላል። የእንግዳው ትንፋሽ ቀስ በቀስ ይፈጥናል፣ ይጠልቃል፣ ከዚያ እያነሰ እያነሰ ይሄድና ጸጥ ይላል። አምስት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ሰሚው መደንገጥ ሲጀምር እንግዳው በረጅሙ አየር ይስብና ነገሩ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ጠዋት ሲጠየቅ “እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ እየባነንኩ አደርኩ” ይላል እንጂ ትንፋሹ እንደቆመ አያውቅም።

ይህ በሽታ አይደለም። ድንገት ወደ ከፍታ የወጣ ጤነኛ ሰው ሁሉ ሊገጥመው የሚችል ነገር ነው። ግን ለምን እንደሚሆን ስታውቁ ስለ እንቅልፍ ያላችሁ ሐሳብ ይለወጣል፤ የእኔ ተለውጧል። ስለዚህ ከሥሩ ላስረዳችሁ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምጽፍ ግን አስቀድማችሁ ያዙልኝ።

መነሻችን ቦታው ነው። ንፋስ መውጫ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ላይ ጋይንት፣ እስቴና ፋርጣ የሚዋሰኑበት የጉና ጫፍ ደግሞ ከ4100 ሜትር ይበልጣል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ጉናም ላይ ምጽዋም ላይ ያው 21 በመቶ ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው፤ ንፋስ መውጫ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው፣ ጉና ጫፍ ላይ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ደም የሚገፋው ይህ ግፊት ስለሆነ፣ እንግዳው ደረቱን ሞልቶ ቢስብም ወደ ደሙ የሚገባው ያንሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አብዛኞቻችን የምንተነፍሰው ኦክስጅን ስላነሰን ይመስለናል። በተለመደው ሁኔታ ግን በየቅጽበቱ “ሳብ፣ ተንፍስ” የሚለን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ነው። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ትንሽ ከፍ ሲል ከአንጎላችን ሥር ያሉ ሕዋሳት ይነቁና ትንፋሽ ያፋጥናሉ፤ ዝቅ ሲል ዝም ይላሉ። የኦክስጅን ጠባቂዎች ሌላ ቦታ ናቸው፤ አንገታችን ላይ ግራና ቀኝ ባሉት ትልልቅ የደም ሥሮች መከፋፈያ ላይ። እነዚህ የሚጮኹት ኦክስጅን በእርግጥ ሲያንስ ነው።

ከፍታ ላይ ሁለቱ ጠባቂዎች ይጋጫሉ። የአንገቱ “ኦክስጅን አነሰ፣ በርታ” ይላል፤ እንግዳው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ቶሎ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ታጥቦ ይወጣል። የአንጎሉ ጠባቂ ደግሞ “ይህን ያህል ጥድፊያ ምን አመጣው?” ብሎ ያቆመዋል። ነቅተን ሳለን ይህ አይጎዳንም፤ ንቃት ራሱ ትንፋሽን ይነዳል፣ እናወራለን፣ እንራመዳለን። እንቅልፍ ሲወስደን ግን ያ ድጋፍ ይነሣል፤ መሪው ብቻውን የጋዙ መጠን ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተወሰነ ወለል በታች ከወረደ ትንፋሽ ይቆማል። በቆመበት ጊዜ ኦክስጅን ይወርዳል፣ ጋዙ ይጠራቀማል፣ ሁለቱም ጠባቂዎች በአንድ ላይ ይጮኻሉ፣ እንግዳው በኃይል ይስባል፣ ከልክ በላይ ይስባል፣ ጋዙ እንደገና ታጥቦ ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ እየተመላለሰ ያድራል።

ይህን “ማን ያስተነፍሰናል” የሚል ጥያቄ ዕድሜ ልኩን የያዘ ሰው አለ፤ ዶክተር ኪንግማን ስትሮል ይባላል። አሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ በኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የሳንባና የእንቅልፍ ሐኪም ነው። ስሙ ከእኛ አገር ደጋ ጋር እንዴት እንደተገናኘ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ጉሮሮ የሠራውን ስሙኝ፣ ምክንያቱም ከሁሉ ለእኛ የሚጠቅመው እሱ ነው።

የአየር ቧንቧችን ከማንቁርት በታች በጠንካራ ቀለበቶች የተደገፈ ነው፤ አይጨፈለቅም። ከምላስ ኋላ ያለው የጉሮሮ ክፍል ግን በዙሪያው የሚደግፈው አጥንት የለውም፤ ለስላሳ ሥጋ ነው። አየር በሳብን ቁጥር ያ ሥጋ ወደ ውስጥ ይሳባል። ታዲያ ለምን አይዘጋም? ስትሮልና ባልደረቦቹ በ1980 ባሳተሙት ጥናት መልሱን በጤነኛ ሰዎች ላይ ለክተው አሳዩ፤ የላይኛው አየር መተላለፊያ ጡንቻዎች አየር ከመሳቡ በፊት፣ በሰከንድ ክፍልፋይ ቀድመው ይወጠራሉ። ሳንባ ከመሳቡ በፊት መንገዱ ይጠበቃል ማለት ነው። ይህን ሳነብ እጄን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ራሴን ሞከርኩ፤ ሞክሩት፣ በደንብ ስትስቡ የአፍንጫችሁ ክንፎች ቀድመው ሲከፈቱ ይሰማችኋል።

እንቅልፍ እነዚህን ጡንቻዎች ያላላቸዋል። ትንሽ ሲላሉ ሥጋው ይርገበገባል፤ ማንኮራፋት ይህ ነው። በጣም ሲላሉ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል። ድያፍራም የሚባለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ይታገላል፣ ደረት ይነሣል፣ አየር ግን አይገባም። ኦክስጅን ይወርድና አንጎል ለቅጽበት ይባንናል፤ ጉሮሮ ይከፈታል፣ ሰውየው “ህእ!” ብሎ ይስባል፣ ተመልሶ ይተኛል፣ ጠዋት ምንም አያስታውስም። ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት ይህን ነው። ቢያንስ 10 ሰከንድ የሚቆይ መቋረጥ አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ በሰዓት ከ5 ጀምሮ ያለው ሕመም ነው፣ ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ነው። አስቡት፣ በሰዓት 30 ጊዜ ማለት በየሁለት ደቂቃው አንድ ጊዜ መታነቅ ነው። በዘር ሊተላለፍ እንደሚችልም ስትሮል በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ በአንድ ቤተሰብ አባላት ላይ ሲደጋገም አሳይቷል።

እኛ ዘንድ የሚያንኮራፋ ሰው ሲታይ “እንቅልፍ ጥሎታል፣ ተዉት ይረፍ” ይባላል። እያንኮራፋ በመሐል ጸጥ የሚል፣ ከዚያ እየታነቀ የሚስብ ሰው ግን እያረፈ አይደለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ከራሱ ጉሮሮ ጋር ሲታገል የሚያድር ነው። ቀን ስብሰባ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ መኪና ውስጥ የሚያንቀላፋው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ይህ ነገር በዓመታት ውስጥ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ልብንም ይጎዳል።

አሁን ወደ ደጋችን። በ2002 ፕሮሲዲንግስ ኦቭ ዘ ናሽናል አካዳሚ ኦቭ ሳይንስስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። መሪዋ የኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ናት፤ ከጸሐፊዎቹ መካከል ኪንግማን ስትሮልና ሌላው የእንቅልፍ ተመራማሪ ማይክል ዴከር፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የደም ሐኪሙ ዶክተር አምሃ ገብረመድህን አሉበት። ያጠኑት ሰሜን ተራራ ላይ፣ በአምባራስ መንደር፣ 3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 አማሮችን ነው። ጣት ላይ በምትሰካ መለኪያ የደማቸውን ኦክስጅን፣ በደም ናሙና ደግሞ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢናቸውን ለኩ።

ከዚያ በፊት ሳይንስ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት የደጋ ሰው ነበር። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰው ሄሞግሎቢኑን ያበዛል፤ ኦክስጅን ሲያንስ ተሸካሚውን ይጨምራል። ይህ መላ ዋጋ አለው፤ ደም ይወፍራል፣ እንዲያውም ካርሎስ ሞንጌ የተባለው የፔሩ ሐኪም በ1925 እንደገለጸው አንዳንዶችን ያሳምማል። የቲቤት ሰው በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ሄሞግሎቢኑ ብዙም አይጨምርም፣ ኦክስጅኑ ግን ዝቅ ይላል። የአምባራስ ሰዎች ከሁለቱም ወጡ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር፤ የደም ኦክስጅናቸው ደግሞ ሄሞግሎቢኑ ሊሸከም ከሚችለው 95.3 በመቶ። ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው የማይለይ! ሦስተኛ መንገድ ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹም የኢትዮጵያ መንገድ አሉት።

ይህ ቁጥር ለእንቅልፍ ምን ማለት እንደሆነ ሳስብ ነው ልቤ የሚመታው። ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን የሚለቅበት ሁኔታ እንደ ስማዳ መልክዓ ምድር ነው፤ ላይ ሰፊ ሜዳ አለ፣ ጫፉ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ወደ አባይና ወደ በሽሎ የሚወርድ ገደል። ከ90 በመቶ በላይ ሜዳው ላይ ናችሁ፤ የሳንባ ግፊት ቢቀንስም ደሙ ኦክስጅኑን ይዞ ይቆያል። ከ90 በታች ገደሉ ይጀምራል፤ ትንሽ ቅናሽ ብዙ ያሳጣል። 95 ላይ የተኛ ሰው ትንፋሹ ለ15 ሰከንድ ቢቆም ገና ሜዳው ላይ ሊሆን ይችላል። 87 ላይ የተኛው እንግዳ ግን ከመጀመሪያውም አፋፉ ላይ ነው፤ ያው 15 ሰከንድ ቁልቁል ይሰደዋል። እንቅልፍ ደግሞ በጤነኛ ሰው እንኳ ትንፋሽን ትንሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ማታ ማታ አንድ እርምጃ ወደ አፋፉ ይጠጋል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። ያ ልኬት የተደረገው ቀን፣ ሰዎቹ ነቅተው ሳለ ነው። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ3700 ሜትር የሚኖሩ አማሮችን በ1200 ሜትር ከሚኖሩት ጋር አነጻጽሮ የደገኞቹ ኦክስጅን ከቆለኞቹ ዝቅ ብሎ፣ ሄሞግሎቢናቸውም በመጠኑ ከፍ ብሎ አግኝቷል። ባሌ ተራራ ላይ በ4000 ሜትር የሚኖሩ ኦሮሞዎች ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ሰፋ ያለ ነበር። ስለዚህ የ2002ቱን ቁጥር ከፍታ የማይነካው ሕዝብ መኖሩን እንደሚያሳይ አድርጎ ማውራት ስሕተት ነው። ትክክለኛው አባባል፣ በእኔ ግምት፣ የአማራ ደገኛ ደሙን ብዙም ሳያወፍር ከፍታውን ይችለዋል የሚለው ነው፤ ይህም ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ይህን ዓይነት ንጽጽር ለመሥራት ደግሞ አገራችን የተመቸች ናት። በ1969 የታተመው የጄፍሪ ሃሪሰንና የባልደረቦቹ ጥናት 3000 ሜትር ላይ ያለችውን ደባርቅን 1500 ሜትር ላይ ካለችው አዲ አርቃይ ጋር ያነጻጸረው አንድ ዓይነት ሕዝብ በሁለት ከፍታ ስለሚኖር ነው። የምሥራቅ ደቡብ ጎንደርን ካርታ ዘርግታችሁ እዩ፤ ከጉና ግርጌ የገብስ ማሳ ተነሥታችሁ በታች ጋይንት በኩል አድርጋችሁ የስማዳ ቆላ ድረስ ብትወርዱ፣ ቋንቋው ያው፣ ሃይማኖቱ ያው፣ ጋብቻው የተሳሰረ፣ የአየሩ ግፊት ግን የሰማይና የምድር ያህል የተለያየ ነው። የእስቴ ሰው ደግሞ ደጋውንም ወይና ደጋውንም ቆላውንም በአንድ ወረዳ ስም ይዞታል። ሌሊት የሚመዘግብ የጣት መለኪያ ይዞ በእነዚህ ሦስት አገሮች የሚዞር አንድ ወጣት ተመራማሪ ባገኝ ሻንጣውን ልሸከምለት ፈቃደኛ ነኝ፤ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ነው።

ጄኔቲክሱ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጓጓል። በ2013 ኤሚሊያ ዌርታ ሳንቼዝና ባልደረቦቿ አማራን፣ ትግሬንና ኦሮሞን ጨምሮ የኢትዮጵያ ሕዝቦችን ዘረ መል ፈትሸው ከፍታ የመረጠው የሚመስል አንድ ጂን ለዩ፤ ስሙ ቢኤችኤልኤችኢ 41። ይህ ጂን ሕዋሳት ኦክስጅን ሲያንሳቸው በሚሰጡት ምላሽ ውስጥ ይሠራል። የሚገርመው ሌላው ሥራው ነው፤ የቀንና የሌሊት ሰዓታችንን ከሚያስተካክሉት ጂኖች አንዱ ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በ2009 የዪንግ ሁዊ ፉ ቡድን በዚሁ ጂን ላይ አንዲት ብርቅ ለውጥ ያላቸው እናትና ልጅ በሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ ብቻ ተኝተው ሙሉ ብርታት እንዳላቸው አሳይቶ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ “የጋይንት ሰው ትንሽ ይተኛል” ማለት አይቻልም፤ የኢትዮጵያው ምልክት ያቺ ብርቅ ለውጥ አይደለችም። ግን አንድ ጂን በአንድ እጁ ኦክስጅንን፣ በሌላው እንቅልፍን ይዞ በእኛ ደጋ ላይ መገኘቱ እንዴት ሰውን አያነቃ?

ልብንም አንርሳ። ስትሮል፣ ቢልና ዶክተር አምሃ ያሉበት ሌላ ቡድን በ2011 ባሳተመው ጥናት የአማራ ደገኞች ከልብ ወደ ሳንባ በሚወስደው የደም ሥር ውስጥ ግፊታቸው ከቆለኞቹ ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። የሳንባቸው የደም ሥሮች ጠበው ግን አልነበረም፤ ወደ ሳንባ የሚፈሰው ደም ስለበዛ ይመስላል። ከፍታን መልመድ አካል ሁሉ የሚሳተፍበት ሥራ ነው።

መሐል ላይ ብዙ ሰው ስለሚፈራው ስለ ዱካክ ላንሣ። ሰው ከእንቅልፉ ይነቃል፣ ዓይኑ ይከፈታል፣ ግን እጅ እግሩ አይታዘዝም፣ ደረቱ ላይ አንድ ነገር የተጫነ ይመስለዋል፣ መጮህ አይችልም። ይህም የትንፋሽ ጉዳይ ነው። ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል አብዛኞቹን ጡንቻዎች ያስራቸዋል፤ ሕልማችንን ተነሥተን እንዳንተውነው። ድያፍራም ግን አይታሰርም። አንዳንድ ጊዜ አእምሮ ከእስሩ ቀድሞ ይነቃል፤ የደረት ጡንቻዎች ስለማያግዙ ሰውየው በረጅሙ ለመሳብ ሲሞክር አይሆንለትም፣ ጫናው ከዚያ ይመጣል። ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል፤ አይገድልም። እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ በጀርባው የሚተኛ ሰው ይበልጥ ያገኘዋል። ተማሪዎችን በዚህ ነገር ሳጽናና እንቅልፋቸውን እጠይቃለሁ፤ በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ላይ ሰብለወንጌል ለማ ከባልደረቦቿ ጋር በ2012 ባሳተመችው ጥናት 55.8 በመቶዎቹ እንቅልፋቸው ደካማ ሆኖ ተገኝቷል።

የደጋ ብርድ የሚያመጣውን ሌላ አደጋ ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ዘግቶ መተኛት። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ የአንጎል ጠባቂዎችም አያውቁትም፤ ስለዚህ የተኛ ሰው አይባንንም። የጣት መለኪያዋ እንኳ ትታለላለች፤ ደሙ ተመርዞ ሳለ ደህና ቁጥር ታሳያለች። ደገኛ ደም ቢኖራችሁም ከዚህ አያድናችሁም።

ጉሮሮ መዘጋትም እንዲሁ ነው፤ ከፍታን የለመደ ደም የተዘጋ መንገድ አይከፍትም። ስለዚህ የሚያንኮራፋ ዘመድ ላላችሁ ሁሉ ስትሮል ከነኒኮላውስ ኔትሰር ጋር በ1999 ያሳተመውን የበርሊን መጠይቅ አስተዋውቃችኋለሁ። ወረቀት ላይ የሚሞላ፣ መሣሪያ የማይፈልግ ነገር ነው። በክሊቭላንድ አካባቢ ተራ ክሊኒኮች 744 ሰዎች ሞልተውት 279ኙ ለሕመሙ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ጥያቄዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። ታንኮራፋለህ ወይ፣ ምን ያህል ጮክ ብለህ፣ ትንፋሽህ ሲቆም ያየ ሰው አለ ወይ? ከእንቅልፍ ስትነሣ ደክሞህ ነው ወይ፣ መኪና ስትነዳ አንቀላፍተህ ታውቃለህ ወይ? የደም ግፊት አለብህ ወይ፣ ክብደትህስ? ከሦስቱ በሁለቱ የወደቀ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

የመኪናው ጥያቄ ለጌጥ የገባ አይደለም። ስትሮል በ2013 የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር (አሜሪካን ቶራሲክ ሶሳይቲ) ስለ ስሊፕ አፕኒያና ስለ መንዳት ያወጣውን መመሪያ የመራው ለዚህ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ አድርጎ፣ ጨጨሆን አልፎ ወልድያ የሚደርሰውን ቻይናዎች በደርግ ዘመን የሠሩትን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ሦስት ሰከንድ ማሸለብ ምን እንደሚያመጣ ሊነገረው አያስፈልግም። የሌሊት የጭነት መኪና ሾፌሮችን አሠሪዎች ይህን መጠይቅ ቢያስሞሏቸው ምን ይከብዳል?

ሕክምናው አለ። አውስትራሊያዊው ኮሊን ሰሊቫን በ1981 በአፍንጫ ጭንብል በኩል አየር እየነፋ ጉሮሮን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያ አስተዋወቀ፤ እስከ ዛሬ ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። በ2014 ደግሞ ስትሮል ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆነበት ጥናት ምላስን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚቀሰቅስ፣ ከቆዳ ሥር የሚቀበር መሣሪያ ሞከረ፤ በ126 ሰዎች ላይ በሰዓት 29 ገደማ የነበረው መቋረጥ በዓመቱ ወደ 9 ወረደ። ያ የ1980ው ግኝት፣ ጡንቻው ከትንፋሽ ቀድሞ መወጠሩ፣ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። እነዚህ ውድ ናቸው፤ ለስማዳም ለእስቴም ገበሬ ቅርብ አይደሉም። በጎን መተኛት፣ ማታ አረቄና ጠላ መተው፣ ክብደት የጨመረ ሰው መቀነስ ግን ገንዘብ አይጠይቁም፤ መጠነኛ ሕመም ያለበትን ብዙ ሰው ይረዳሉ።

ምርመራውን የሚጀምረው ደግሞ ሐኪሙ ሳይሆን አልጋ የሚጋራው ሰው ነው፤ የተኛው ራሱን አይሰማምና። ባልሽ ወይም ሚስትህ ማንኮራፋታቸው ድንገት ጸጥ ሲል ከአንድ ጀምራችሁ ቀስ ብላችሁ ቁጠሩ። ከአሥር ካለፈ፣ ያም በተደጋጋሚ ከሆነ፣ ቁጥሩን ይዛችሁ አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱና የደም ግፊታቸው እንዲለካ ጠይቁ።